ላንጋኖ ላይ ያበጠው ወለል

ሐሙስ ጠዋት፣ ናዝሬት

ከቤት የወጣሁት ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ሐምሌ ነበር፤ ሲያካፋ አድሮ መንገዱ ረጥቧል። ባለቤቴ አስካለ ዳቦ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝና ፊቴን አየት አደረገችው። "ሰው የገዛ ሥራውን ሊያይ ሲሄድ እንዲህ ይገረጣል?" አለችኝ። እንቅልፍ አጥቼ ነው ብያት የመሣሪያ ቦርሳዬን አንግቤ ወደ አውቶቡስ ተራ ወረድኩ። እንቅልፍ ማጣቴ እውነት ነው፤ ለምን እንዳጣሁት ግን አልነገርኳትም።

መሥሪያ ቤቴ በደብዳቤ የላከኝ አንድ ወረቀት ላይ እንድፈርም ነው። ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ባለ አንድ የመንግሥት እንግዳ ማረፊያ፣ በጥር ወር ያነጠፍኩት የአዳራሽ ወለል መሐሉ አብጦ ተነሥቷል። ደብዳቤው እንደሚለው ያበላሸችው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት፤ ውሃ አፍስሳበታለች። "ይኸው በባለሙያ ተረጋግጦ ይፈረምበት" ይላል፤ ባለሙያው እኔ ነኝ። ከታች ደግሞ "አሻጥር" የምትል ቃል አለች። በዚያ በደርግ ዘመን የኖረ ሰው ያቺ ቃል በማኅተም ሥር ስትቀመጥ ምን እንደምታመጣ ያውቃል። ከሥራ መባረር ከሁሉ ቀላሉ ነበር።

ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ ወለሉ ልንገራችሁ። ዛሬ በየሱቁ ላሚኔት እየተባለ የሚሸጠው ዓይነት ነው። ያኔ ለእኛ ስም አልነበረውም፤ ከባሕር ማዶ በካርቶን ታሽጎ ስለመጣ የካርቶን ወለል አልነው። ሳንቃው ከላይ እንደ ፎርማይካ ያበራል፤ ከሥሩ የተጠቀጠቀ የእንጨት ብናኝ ነው። በምስማር አይመታም፣ ከሲሚንቶውም ጋር አይጣበቅም። ሲሚንቶው ላይ ፕላስቲክና ስስ ስፖንጅ ይነጠፋል፤ ከዚያ ሳንቃዎቹ ወንዴና ሴቴያቸው እየገባ፣ ኮላ እየተቀቡ እርስ በርስ ይጋጠማሉ። በመጨረሻ ሙሉው ወለል እንደ አንድ ትልቅ ምንጣፍ ከላይ ተንሳፍፎ ይተኛል ማለት ነው። በዙሪያው ከግድግዳው ጋር የአንድ ጣት ክፍተት ይተዋል። ክፍተቱን ዞኮሎው፣ ማለትም በግድግዳው ግርጌ የሚዞረው ጠባብ እንጨት፣ ይሸፍነዋል።

ይህን ሁሉ በካርቶኑ ውስጥ የነበረው ወረቀት በሥዕል ያሳይ ነበር። ቋንቋውን አላውቀውም፤ ሥዕሉን ግን አይቼዋለሁ። በደንብ ነው ያየሁት።

መጀመሪያም ክፍተቱን ትቼ ነበር። ሥራው ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ግን አዳራሹን ወዲያ ወዲህ ስሄድበት ወለሉ ከእግሬ ሥር ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ዱብ ዱብ ይላል። በግድግዳው ዙሪያ ያለው ክፍተት ደግሞ ያላለቀ ሥራ መሰለኝ። እኛ የተማርነው ወለልና ግድግዳ መሐል ምላጭ እንኳ እንዳይገባ አድርጎ መሥራት ነው፤ በዚያም ነው ስንመሰገን የኖርነው። አንድ ባለ ሥልጣን መጥቶ ወለሉ ሲነቃነቅ ቢያይ፣ ክፍተቱን ቢያይ፣ ያቺን ቃል ቢናገርስ? ስለዚህ በመጨረሻው ቀን፣ ማንም ሳያየኝ፣ ክፍተቱን ዙሪያውን በእንጨት ሽብልቅ ጠቅጥቄ ሞላሁት። በሁለቱ በሮች ደፍ ላይም ስምንት ምስማር መታሁ። ዞኮሎውን ከላይ ገጠምኩና አዳራሹ እንደ ድንጋይ ጠነከረ። ኮርቼም ነበር።

አሁን ያ ድንጋይ ተነሥቷል፤ ከዞኮሎው ሥር ያለውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ረፋድ፣ ከሞጆ እስከ መቂ

አውቶቡሱ ሲሞላ አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ። አጠገቤ የተቀመጠው ወንጂ ሸንኮራ ቆራጭ የነበረ ሰው ነው፤ ዝዋይ ዘመዶቹን ሊጠይቅ ይሄዳል። ሥራዬን ጠየቀኝ፤ ወለል አንጣፊ ነኝ አልኩት። "ወለል ደግሞ ምን አንጣፊ ይፈልጋል፤ መሬቱ ከፈጣሪ ተነጥፎ የለም?" ብሎ ሳቀ። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ። በሌላ ቀን ቢሆን ስለ ካርቶን ወለል እስከ ዝዋይ አወራው ነበር።

ሞጆ ኬላው ላይ ሁላችንም ወረድን። ፈታሹ የቀበሌዬን የይለፍ ወረቀት አየ፤ ቦርሳዬን ከፈተና መሮዬን አወጣ።

"ይህ ምንድን ነው?"

"መሮ ነው። የአናጺ ዕቃ።"

"ለምን ጉዳይ ነው የምትሄድ?"

ደብዳቤውን ሰጠሁት። ቀስ ብሎ አነበበው። ታች ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ። "አሻጥር ይላል። አንተ ነህ እንዴ አሻጥረኛው?"

"ኧረ አይደለሁም ጌታዬ፣ እኔ ባለሙያው ነኝ" አልኩ። ድምፄ ሰለለ። ፈታሹ ትንሽ አሰበና ደብዳቤውን አጥፎ መለሰልኝ፤ መሮውን ግን በገዛ እጁ ቦርሳው ውስጥ አስገብቶ ዘጋልኝ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ወደ አውቶቡሱ ስመለስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ነበር።

ከሞጆ ወደ ደቡብ ስንታጠፍ ደመናው ገለጥ አለ። ቆቃ ሐይቁ ከወትሮው ሰፍቶ ይታያል፤ የአዋሽ ውሃ ጠጅ መስሏል። በመንገዱ ዳርና ዳር የበቆሎው ማሳ ጉልበት ደርሷል። አለም ጤና ላይ የተጠበሰ እሸት ፈልጌ አልደረሰም አሉኝ። መቂ ግን ቲማቲምና ሽንኩርት በየቅርጫቱ ሞልቶ በመስኮት ይለምነን ነበር። ወርጄ በሃምሳ ሳንቲም ሻይ ጠጣሁ፤ የአስካለን ዳቦ ቆረስኩና ሳልቀምሰው መልሼ ቋጠርኩት። ሽንኩርት የምትሸጥ አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ "አሞሃል እንዴ ወንድሜ?" አለችኝ። አላመመኝም አልኳት።

መንገዱን ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማሰላስለው። ውሃ እንዲህ ዓይነቱን ወለል ያበላሻል፤ ይህ እውነት ነው። በመጋጠሚያው ከገባ ብናኙ ይጠጣዋል፤ ጠርዙ ያብጣል፤ ቢደርቅም አይመለስም። እንግዲያው ብፈርም ሙሉ በሙሉ አልዋሸሁም ማለት ነው። ወለሉ ላይ ውሃ ከፈሰሰ ውሃ ፈስሷል። ይህን አስባለሁና ትንሽ ቀለል ይለኛል፤ ወዲያው ደግሞ በጥር ወር አዳራሹ ውስጥ የጽዳት ሠራተኛዋን የነገርኳት ነገር ትዝ ይለኛል።

ቢፍቱ ትባላለች። ሥራውን ስጨርስ መጥረጊያዋን ይዛ መጣችና "ይህን በምን ሰም ነው የማሸው?" ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ባማረ ሥራዬ ሰክሬ "ሰም አይፈልግም ወይዘሮ ቢፍቱ፤ ፎርማይካ ማለት ነው። እንደ ሳህን ይጠቡት" አልኳት። እንደ ሳህን ይጠቡት! አፌን በቆረጠው።

ከሰዓት በኋላ፣ ዝዋይ

አውቶቡሱ የሚያበቃበት ዝዋይ ስንደርስ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ወደ ላንጋኖ የሚያልፍ መኪና እስከ ማግስቱ ጠዋት የለም ስለተባልኩ ወደ ሐይቁ ዳር ሄድኩ፤ መምህሬን ፍለጋ።

ጋሽ ተክሉ ሙያውን ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ጡረታ ወጥተው ዝዋይ ገብተዋል፤ የዓሣ አጥማጆችን ጀልባ ይጠግናሉ። ሳገኛቸው አንድ ጀልባ ገልብጠው ሆዱን ይፍቁ ነበር። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ቢሆኑም ክንዳቸው አልላላም። ሳሙኝና ወዲያው ዓሣ አስመጡ፤ ሚጥሚጣ የተነሰነሰበት ትኩስ ጥብስ ከነአጥንቱ፣ ከሁለት ዳቦ ጋር። አንድ ብር ከሃምሳ ልከፍል ስል እጄን መቱኝ። እዚያ፣ ከግራሩ ጥላ ሥር ተቀምጠን፣ ከቤት ከወጣሁ ወዲህ መጀመሪያ የሆነውን እህል ቀመስኩ።

ነገሩን ነገርኳቸው። ደብዳቤውንም አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፍተው አነበቡት።

"የተነሣው የት ጋ ነው?" አሉኝ።

"መሐሉ ላይ ነው አሉ።"

"ውሃው የፈሰሰው የት ነው?"

"አላውቅም ጋሽ ተክሉ። ገና አላየሁትም።"

"እሺ። ከግድግዳው ስንት ጣት ተውክ?"

"አንድ ጣት ትቼ ነበር።"

"ነበር?"

ዓሣውን አስቀመጥኩ። "ሞላሁት። በሽብልቅ። ደፉ ላይም ምስማር መታሁ።"

ጋሽ ተክሉ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ተነሥተው የጀልባውን ሳንቃ በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት። "ይህን ታያለህ? አሁን በሳንቃዎቹ መሐል ጣቴ ሊገባ ምንም አይቀረው። ነገ ውሃ ላይ ሳወርደው እንጨቱ ይጠጣና ያብጣል፤ ስንጥቁ ሁሉ ይዘጋል። ጀልባ ሲሆን እብጠቱን እንፈልገዋለን። ወለል ሲሆን ደግሞ መሄጃ እንተውለታለን። አንተ በጥር፣ ሁሉ ነገር ደርቆ ባነሰበት ጊዜ ነው ያነጠፍከው። ሐምሌ ገባ፣ ዝናቡ መጣ፣ የሐይቁ እርጥበት መጣ። እንጨቱ በአራቱም በኩል ልስፋ አለ። ግድግዳው አላሳልፍ ሲለው ወዴት ይሂድ? ወደ ላይ እንጂ።"

"ታዲያ ጠበቅ አድርግ፣ ምላጭ አይግባ እያሉ ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም?" አልኩ። እንዲህ ብዬ ተናግሬያቸው አላውቅም። ወዲያው አፈርኩ።

እሳቸው እጃቸውን ከጀልባው አነሡ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ መልሰው የነገሩኝን እስከ ዛሬ ለማንም አላወራሁም፤ እሳቸው ካረፉ ስለቆየ አሁን እጽፈዋለሁ። በወጣትነታቸው በአንድ የእርሻ ጣቢያ ክበብ ውስጥ የጽድ ወለል አንጥፈው ነበር። በክረምት ተነሣ። ከክበቡ ውጭ አትክልት የሚያጠጣ ሰው ነበረ፤ የውሃ ጎማውን በር ሥር ትቶት ነው ተባለ። ጋሽ ተክሉን ጠየቋቸው፤ አዎ ውሃው ነው ብለው ፈረሙ።

"ሰውየው የት ደረሰ?"

"አልጠየቅሁም። ሳልጠይቅ አርባ ዓመት ሆነኝ።" ፋቂያቸውን አነሡ። "ከዚያ በኋላ ተማሪ ባስተማርኩ ቁጥር ጠበቅ አድርግ የምለው ለምን ይመስልሃል? ያኔ ትክክል ነበርኩ ለማለት ነው።"

"ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?"

"እኔን አትጠይቀኝ ልጄ። እኔ የፈረምኩ ሰው ነኝ።"

እሳቸው ቤት አደርኩ። ስለ ወለሉ ሌላ ቃል አልተነጋገርንም። ጠዋት ስወጣ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ሰጡኝ፤ በደንብ የተሳለ ሰፊ መሮ ነበር።

ዓርብ፣ ላንጋኖ

ከዝዋይ ማዳበሪያ የጫነ መኪና በአንድ ብር አሳፈረኝ። አዳሚ ቱሉን፣ ቡልቡላን አለፍን። የግራሩ ጫካ ከዝናቡ በኋላ ለምልሟል፤ ከሥሩ የከሰል ጆንያዎች ተደርድረው ገዢ ይጠብቃሉ። ሾፌሩ ዝም ያለ ሰው ነበር፤ ደግ አደረገ። መገንጠያው ላይ አወረደኝና ወደ ሐይቁ በሚወስደው ጥርጊያ በእግሬ ገባሁ። ጭቃው ጫማዬን እየጎተተ አንድ ሰዓት ያህል ሄድኩ። ላንጋኖ ከሩቅ ታየኝ፤ ሁሌም እንደሚያስገርመኝ ውሃው ቀይ ቡኒ ነው።

የእንግዳ ማረፊያው በር ላይ፣ ከጥበቃው ቤት አጠገብ፣ አንዲት ሴት ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋን አገጯ ድረስ ጠቅልላዋለች። ስቀርብ ቀና ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለችኝ።

"አካም ጅርታ ሽፈራው፤ መጣህ?"

ወይዘሮ ቢፍቱ ናት። ከስታለች። ከሥራ ከታገደች ሦስት ሳምንት ሆኗታል፤ ውሳኔ እስኪሰጥ ግን በየቀኑ ጠዋት መጥታ እስከ ማታ እዚያ ድንጋይ ላይ እንድትቀመጥ ታዝዛለች፤ እንዳትጠፋ ነው። ይህን የነገረኝ ጥበቃው ነው። እሷ የጠየቀችኝ መንገዱ ጭቃ እንደሆነና እንዳልሆነ ብቻ ነበር። ዓይኗን ማየት ስላልቻልኩ ቶሎ አለፍኩ።

የማረፊያው ኃላፊ ጓድ አየነው አዳራሹ ውስጥ ጠበቀኝ። ወጣት ነው፣ ካኪ ለብሷል፣ ጺሙን አልተላጨም። እሱም እንቅልፍ ያጣ ሰው መሰለኝ። "እሑድ እንግዶች ይገባሉ" አለኝ ገና ሰላም ሳይለኝ። "ፈርምልኝና ሂድ። ወለሉን በምንጣፍ እንሸፍነዋለን።"

"መጀመሪያ ልየው ጓድ።"

አየሁት። ከአዳራሹ መሐል፣ ከምሰሶው በስተቀኝ፣ ወለሉ እስከ ቁርጭምጭሚት ተነሥቷል፤ ከምንጣፍ ሥር ድመት የተኛች ይመስላል። ስረግጠው ይወርዳል፣ እግሬን ሳነሣ ይመለሳል። ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ በር ሄድኩ። እዚያ አራት ሳንቃዎች ጠርዛቸው አብጧል፤ መጋጠሚያው በጣት ሲዳሰስ እንደ ጠባሳ ይሻክራል። ይህ የውሃ ሥራ ነው፤ ባልዲዋን የምታስቀምጥበት ቦታ ነው። ከዚያ እስከ እብጠቱ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው፤ በመሐል ያለው ሳንቃ ሁሉ ጠርዙ ደህና ነው። በውሃ ልክ ለካሁ፣ ተንበርክኬ አየሁ፣ በጣቴ አንኳኳሁ። የማውቀውን ነገር ነበር የምለካው።

"እንግዲህ ውሃው ይኸው" አለ ጓድ አየነው አራቱን ሳንቃዎች እያሳየ። ወረቀቱን መስኮቱ ላይ አነጠፈና እስክሪብቶ ሰጠኝ። "እዚህ ጋ።"

እስክሪብቶውን ያዝኩት። አራት ያበጡ ሳንቃዎች አሉ፤ ውሸት አይደለም። አስካለን አሰብኩ፤ ሁለቱን ልጆቼን አሰብኩ።

ጊዜ ለመግዛት ይመስለኛል "በውሃ እንድትጠርግ ማን እንደነገራት ጠይቃችኋታል?" አልኩት።

"ተጠይቃለች። አናጺው ነው ያለኝ ትላለች። የትኛው አናጺ ስንላት ስሙን አላውቅም አለች። እዚያው ነው ውሸቷ የታወቀው።"

ስሙን አላውቅም ብላለች። በሩ ላይ ግን በስሜ ነው የጠራችኝ።

እስክሪብቶውን መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩ። ጀግና ስለሆንኩ አይደለም። ግን ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሚፈረም አላወቅኩበትም። ቦርሳዬን ከፍቼ የጋሽ ተክሉን መሮ አወጣሁና ከምሰሶው ትይዩ ያለውን ዞኮሎ ነቀልኩ።

"ምን እያደረግክ ነው?" አለ ጓድ አየነው።

"እዩት።"

ጎንበስ አለ። ሽብልቆቹ በተርታ ተጠቅጥቀው ታዩ። ወለሉ ገፍቷቸው አንዳንዶቹ ተሰባብረዋል፤ የግድግዳው ልስን ሳይቀር ተሰንጥቋል። አንዱን በመሮው ፈልቅቄ አወጣሁት። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። የሳንቃውን ጠርዝ በጣት ስፋት እየቆረጥኩ ሄድኩ። ከዚያ ወደ በሮቹ ሄጄ ስምንቱን ምስማሮች አንድ በአንድ ነቀልኳቸው። የመጨረሻው እንቢ አለኝ፤ በሁለት እጄ ተንጠልጥዬ ሳወጣው ከኋላዬ አንድ ነገር ጓ አለ። ዞር አልኩ። እብጠቱ ወርዷል። ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ ግን ግማሹን በራሱ ተኝቷል።

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይሰማል።

"ማን ነው የሞላው?" አለ ጓድ አየነው።

"እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

"ፈርቼ።"

"ምንን?"

"ይህንኑ።"

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ እሱ ግን ፊቱ ነጣ። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ሴትየዋን የከሰሰውን ደብዳቤ የጻፈው እሱ ነው፤ ደብዳቤው ወደ ላይ ሄዷል። አሁን እሱም የሚፈራው ነገር ነበረው። "እሑድ እንግዶች ይገባሉ" አለ እንደገና፣ ለራሱ እንደሚናገር። "ወለሉ ነገ እስከ ቀትር ይተኛል?"

"ይተኛል።"

"እንግዲያው ሥራ። ስለ ወረቀቱ ከዚያ በኋላ እናወራለን። ከግቢው እንዳትወጣ።"

እስኪመሽ ዙሪያውን ቆረጥኩ። በምሰሶውም ዙሪያ፣ ሥዕሉ ላይ እንደነበረው። ወይዘሮ ቢፍቱ ልትሄድ ስትል በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። ወደ እሷ ወጣሁና "ስሜን ያውቁ ነበር" አልኳት።

"ኤዬ፣ አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገሯቸውም?"

ነጠላዋን አስተካከለች። "ሁለታችንም እስር ቤት ብንገባ ወለሉ አይተኛም" አለችና ወደ ሰፈሯ ሄደች።

ቅዳሜ፣ መመለሻ

ጠዋት አራቱን ያበጡ ሳንቃዎች በተረፈው ካርቶን ቀየርኩ። ዞኮሎውን መለስኩ፤ በዚህኛው ጊዜ ምስማሩ ግድግዳውን እንጂ ወለሉን እንዳይነካ አድርጌ። በአምስት ሰዓት ወለሉ ተኝቶ ነበር። ስሄድበት ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ዱብ ዱብ ይላል። እንደዚያ ነው መሆን ያለበት።

ጓድ አየነው አዲስ ወረቀት አመጣ፤ በገዛ እጄ እንድጽፍ ነው። ወለሉ የተነሣው መስፊያ ስላልተተወለትና ደፉ በምስማር ስለተመታ መሆኑን፣ በውሃ እንዲጠረግ የነገርኩትም እኔ መሆኔን ጻፍኩ። ስሜን ከነአያቴ ጽፌ ፈረምኩ። ሲያነብ ከንፈሩን ይነክስ ነበር። ማኅተሙን መታበትና "ሴትየዋ ሰኞ ሥራዋን ትጀምራለች" አለኝ። "ስለ አንተ የሚወስነው መሥሪያ ቤትህ ነው። ስለ እኔ ደግሞ ሌላ ሰው።" እጁን ዘረጋልኝ። ጨበጥኩት፤ እንደኔው ላብ በላብ ነበር።

ድንጋዩ ላይ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ጥበቃው ቢፍቱ ከብቶቿ ጋ ናት አለኝ። ለጋሽ ተክሉ መሮውን ልመልስ ዝዋይ ወረድኩ። ጀልባው ውሃ ላይ ነበር፤ አንዲት ጠብታ አላስገባም። የሆነውን ስነግራቸው መሮውን አልቀበል አሉ። "ያንተ ነው" አሉኝና ብዙ ሳይናገሩ እስከ መኪናው ድረስ ሸኙኝ። እንደዚያ ሲሸኙኝ የመጀመሪያቸው ነበር።

ናዝሬት ስገባ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። አስካለ በር ላይ ነበረች።

"ፈረምክ?"

"ፈረምኩ።"

"በማን ላይ?"

"በራሴ ላይ።"

ቦርሳውን ከትከሻዬ ተቀበለችኝና ቀድማኝ ገባች። ውሃ አሙቃ እግሬን አጠበችኝ፤ ለምን ብላ አልጠየቀችኝም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሳምንት መኪና ደጃችን ሲቆም ተነሥቼ በመስኮት አይ ነበር። የመጣብኝ ግን ከፈራሁት ያነሰ ነው፦ ከወለል ሥራ ወርጄ አንድ ዓመት ከስድስት ወር መጋዘን ውስጥ የሌሎችን መጋዝ ስስል ቆየሁ። ጓድ አየነው ወደ ሌላ ቦታ መዛወሩን ሰማሁ፤ የት እንደሆነ አላወቅሁም። አዳራሹ እስከ ደርግ መጨረሻ ድረስ ያንኑ ወለል ይዞ እንደነበር ግን ያዩ ሰዎች ነግረውኛል።

ዛሬም ወለል አነጥፋለሁ። ሳንቃው ከነካርቶኑ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ቀን ካላደረ አልነካውም፤ ከግድግዳው አንድ ጣት እተዋለሁ፤ ባለቤቱ ቢቆጣም አልሞላውም። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ቤቱን የምታጸዳውን ሰው አስጠራለሁ። በእርጥብ ጨርቅ ብቻ እንጂ በባልዲ እንዳታጥበው አሳያታለሁ፤ ከዚያ ስሜን ከነአባቴ በወረቀት ጽፌ እጇ ላይ አስቀምጣለሁ፤ የሚጠይቃት ከመጣ ማን እንደነገራት ትናገር ዘንድ።